አንድ ሰርቮ ወይስ ሁለት? የአውሮፕላን ክንፍ ትእዛዝ ታሪክ ከ«ፀሐይ» እስከ ትንሿ ሞዴል



ጁባ ለሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ብርቅ አይደለም። ጠዋት ማታ ከራሳችን በላይ ያልፋል። የመንገደኛው አለ፣ «ዩኤን» የተጻፈበት ነጩ አለ፣ መንገድ ወደሌለበት አካባቢ እህል ጭኖ የሚሄደው ትልቁ አለ። ትንንሽ ልጆች እንኳ ሳያዩት በድምፁ ይለዩታል። ታዲያ «ይህ ነገር ወደ ቀኝ ሲዞር ምኑን ነው የሚያንቀሳቅሰው?» ብለን ስንጠይቅ፣ የምናገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እንደ መኪና መሪውን ያዞራል» የሚል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በሳይንስ ክበብ ውስጥ በባትሪ ስለሚሠራና በሬዲዮ ስለሚታዘዝ ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ስንነጋገር ተማሪዎች አንድ ጥሩ ጥያቄ አንሥተው ነበር። ጥያቄው «ለሁለቱ ክንፎች አንድ ሰርቮ ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ሲያዩት ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ ልዩነቱም ጥቂት ግራምና ጥቂት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከኋላው ከ150 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለ፤ የኢትዮጵያም ድርሻ በውስጡ አለበት። ስለዚህ መልሱን በታሪኩ በኩል እንፈልገው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንሿ ክንፍ

አውሮፕላን ለመዞር መጀመሪያ ይጋደማል። ወደ ቀኝ መዞር ሲፈልግ ቀኝ ክንፉ ዝቅ፣ ግራው ከፍ ይላል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ኩርባ ላይ ሰውነቱን ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብለው ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት በሁለቱ ክንፎች የኋላ ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ጠጋ ብለው በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ቁራጮች ናቸው። ስማቸው ኤለሮን ይባላል፤ ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ክንፍ» ነው። የቀኙ ወደ ላይ ሲታጠፍ የግራው ወደ ታች ይታጠፋል። ስለዚህ ቀኝ ክንፍ ይወርዳል፣ ግራው ይነሣል።

ሐሳቡ ከአውሮፕላን በፊት የነበረ መሆኑ ይገርማል። ማቲው ቦልተን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን የመሰለ ነገር በ1868 በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የሚበር ማሽን ስላልነበረ ወረቀቱ ተረሳ። የራይት ወንድማማቾች ታኅሣሥ 1903 በሞተር ሲበሩ ኤለሮን አልነበራቸውም። ክንፉን ራሱን በሽቦ እየሳቡ ይጠመዝዙት ነበር። አብራሪው በደረቱ ተኝቶ ወገቡን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ሽቦው ክንፉን ይጎትተዋል። ከዚያ በ1904 ሮቤር ኤስኖ-ፔልትሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በሠራው ተንሸራታች አውሮፕላን ላይ ኤለሮን ሞከረ። በ1908 ደግሞ አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ «ጁን በግ» በተባለው አውሮፕላኑ ተጠቀመበት። በራይት ወንድማማቾችና በከርቲስ መካከል «ሐሳቡ የማን ነው?» የሚል ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ተነሣ። ክርክሩ የበረደው አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917 ነው። የአገሪቱ አምራቾች ፓተንቶቻቸውን በጋራ እንዲጠቀሙ የተደረገው ያኔ ነበር።

በመጨረሻ ያሸነፈው ኤለሮን ሆነ። ለምን? ክንፍ ሲጠመዘዝ መለሳለስ አለበት፤ ፍጥነትና ክብደት ሲጨምር ደግሞ ጠንካራ ክንፍ ያስፈልጋል። ኤለሮን ክንፉን ጠንካራ አድርጎ ትንሹን ክፍል ብቻ ያንቀሳቅሳል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ወደ ታች የታጠፈው ኤለሮን ክንፉን ሲያነሣ አየሩንም የበለጠ ይገታል። ስለዚህ አብራሪው ወደ ቀኝ ልዙር ሲል አፍንጫው ለጊዜው ወደ ግራ ይጎተታል። መፍትሔው ወደ ላይ የሚሄደው ኤለሮን ብዙ፣ ወደ ታች የሚሄደው ጥቂት እንዲታጠፍ ማድረግ ነው። በ1931 የወጣው የእንግሊዞች መለማመጃ አውሮፕላን ታይገር ሞዝ በዚህ አሠራር ይታወቃል። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ሞዴላችን ስንመለስ ያስፈልገናል።

«ፀሐይ» እና የተቋረጠው ትምህርት

ወደ አገራችን እንምጣ። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1929 ነው። አውሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1930፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሙሉእመቤት እምሩ ደግሞ በ1930ዎቹ የበረራ ትምህርት በመማር የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ተብላ ትታወሳለች።

በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። በዚያ ዘመን በነበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ውስጥ አብራሪው የሚይዘው ዘንግ ከኤለሮኑ ጋር የሚገናኘው በብረት ገመድ፣ በፑሊና በማንሻ ነበር። ሰርቮ የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። እጅ ይስባል፣ ገመድ ይሄዳል፣ ክንፍ ይታዘዛል። በቃ ይኸው ነው። ይህን የሚገጥም ሰው የገመዱ ውጥረት ልክ እንዲሆን፣ ቀኝና ግራው እንዳይለዋወጥ፣ ፑሊው እንዳይነክስ መጠንቀቅ አለበት። ቀኝና ግራው ተለዋውጦ የተነሣ አውሮፕላን መጨረሻው መውደቅ ነው።

ያኔ የሠሩት ኢትዮጵያውያን ምን ያህሉን እንደተማሩ አስቡት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወረረ። በ1936 አዲስ አበባ ተያዘች፤ «ፀሐይ»ም እንደ ምርኮ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማሩ ወጣቶች ተለይተው ተገደሉ። አውሮፕላኗም ሄደች፣ ሙያውን ሊያወርሱ ከሚችሉት ብዙዎቹም አለቁ።

ልዕልት ፀሐይ ራሷ ከቤተሰቧ ጋር በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ሆነች። በስደት ላይ እያለች ለንደን ውስጥ የነርስነት ሙያ ተምራ ጨረሰች። ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ብትመለስም በ1942 ገና በወጣትነቷ አረፈች። ስደት ላይ ሆኖ ሙያ መማር እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ሲመሠረት አውሮፕላኖቹን ያበሩ የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች፣ በተለይም ከቲደብልዩኤ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆነው በ1957 ነው። ከ1930 እስከ 1957 ስንት ዓመት ነው? 27። ይህ ሁሉ ጊዜ የጠፋው ሰዉ መማር ስላቃተው አይደለም፤ የተጀመረው ትምህርት በጦርነት ተቆርጦ እንደገና ከሥር ስለተጀመረ ነው። እውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ነበረ፤ እነሱ ሲጠፉ አብሮ ጠፋ።

«ፀሐይ» በኢጣልያ አየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዓመት ከቆየች በኋላ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያኔ ከተሠራች 88 ዓመት ያህል ሆኗት ነበር። ብረቱና እንጨቱ ተመልሷል። የእነዚያን ሠራተኞች እጅ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

በዚያው ዓመት፣ ሰው የሌለበት አውሮፕላን

ልክ «ፀሐይ» በተሠራችበት ዓመት በ1935 እንግሊዞች ከታይገር ሞዝ ቤተሰብ የሆነ «ክዊን ቢ» (ንግሥት ንብ) የተባለ አውሮፕላን ያለ አብራሪ በሬዲዮ አበረሩ። ሥራው ለመድፍ ተኳሾች ኢላማ መሆን ነበር። ዛሬ «ድሮን» የምንለው ቃል ከዚህች ንብ ጋር ተያይዞ እንደመጣ ብዙዎች ይጽፋሉ።

በሬዲዮ ማዘዝ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እያዘዘ ሕዝብ ፊት አሳይቷል። ለሞዴል አውሮፕላን ግን ብዙ ዓመት መቆየት ነበረበት፤ በ1937 ዋልተር ጉድና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትዮች «ገፍ» ያሏትን ሞዴል በሬዲዮ አበረሩ። እነዚያ የመጀመሪያ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚታዘዙት በጅራታቸው ነበር። ለብዙ ዓመት ደግሞ የጅራቱን መሪ የሚያንቀሳቅሰው የተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ቁልፉን አንዴ ስትጫኑ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ስትጫኑ ወደ ግራ። ትንሽ ወይም ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። የቱ ተራ እንደሆነ የረሳ ሰው ሞዴሉን ዛፍ ላይ ያገኘዋል።

ይህን የለወጠው ሰርቮ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከመርከብ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፋርኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመርከብን ከባድ መሪ በእንፋሎት ኃይል የሚያዞር መሣሪያ አዘጋጅቶ «ሰርቮ ሞተር» አለው፤ በ1873ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ቃሉ «አገልጋይ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ጥሩ አገልጋይ ትእዛዝ መስማት ብቻ ሳይሆን ሥራው መድረሱንም ያያል። ሰርቮም እንዲሁ ነው።

የሞዴል ሰርቮ ብትከፍቱ አራት ነገር ታገኛላችሁ። ትንሽ ሞተር፣ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበት የሚጨምሩ ጥርሶች፣ በሬዲዮ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የመሰለ ፖቴንሽዮሜትር፣ እና ትንሽ ሰርኪዩት። ትእዛዙ የሚመጣው በኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይደገማል። ርዝመቱ 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ክንዱ መሐል ይቆማል፤ ወደ 1 ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ወደ 2 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ፖቴንሽዮሜትሩ «አሁን የት ነን?» የሚለውን ለሰርኪዩቱ ይነግራል። ሰርኪዩቱም የታዘዘውንና የተደረሰበትን ያወዳድራል። እኩል ሲሆኑ ሞተሩ ይቆማል። ይህ አሠራር በ1960ዎቹ ሲስፋፋ አብራሪው «ትንሽ ብቻ» ብሎ ማዘዝ ቻለ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚበር የሬዲዮ ሞዴል በ1957 እንግሊዝ ውስጥ በሯል። ቀላል የሊቲየም ባትሪዎች ከ2000 ወዲህ ሲስፋፉ ደግሞ ነገሩ ለተራ ሰው ደረሰ።

ታዲያ አንድ ወይስ ሁለት?

አሁን ጥያቄውን መመለስ እንችላለን።

አንድ ሰርቮ ስንጠቀም ክንፉ መሐል እናስቀምጠዋለን። ከክንዱ ሁለት ጎን ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ኤለሮን። ክንዱ ሲዞር አንዱን ይገፋል፣ ሌላውን ይስባል። ይህ በአሠራሩ የ«ፀሐይ» ዘመን ልጅ ነው፤ እጁን ብቻ በሰርቮ ተካነው እንጂ ኃይሉ አሁንም በሽቦ ነው ወደ ክንፉ የሚሄደው። ጥቅሙ ቀላል፣ ርካሽና ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበላ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ሽቦው ሲረዝም መታጠፍና መላላት መጀመሩ ነው። እጅ «ና» ሲል ክንፉ ዘግይቶ ይመጣል፤ በፍጥነት ሲበር ኤለሮኑ ይንቀጠቀጣል።

ሁለት ሰርቮ ስንጠቀም እያንዳንዱን ከኤለሮኑ አጠገብ ክንፉ ውስጥ እንቀብረዋለን። ሽቦው የጣት ርዝመት ብቻ ይሆናል። ትእዛዙን በኤሌክትሪክ ገመድ ስለምንልክ የሚላላ ነገር የለም። ሁለቱንም በ«ዋይ» ቅርጽ ገመድ አንድ ቻናል ላይ ማገናኘት ይቻላል። በመስተዋት እንደሚታይ ምስል፣ የግራው የቀኙ ግልባጭ ሆኖ ከተገጠመ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ አንዱ ኤለሮን ይነሣል፣ አንዱ ይወርዳል። ሁለት የተለያየ ቻናል ከሰጠናቸው ደግሞ በሬዲዮው ላይ ብዙ ነገር ማስተካከል እንችላለን። ቅድም የተናገርነውን፣ ወደ ላይ ብዙ ወደ ታች ጥቂት የሚለውን፣ ለምሳሌ ወደ ላይ 10 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታች 6 ብለን እንሰጣለን። ለማረፍ ሁለቱንም በጥቂቱ ወደ ታች አድርገን ቀስ ብለን መምጣትም እንችላለን።

በአንድ ሰርቮም ቢሆን «ብዙ ወደ ላይ ጥቂት ወደ ታች» ማድረግ ይቻላል። ሽቦው ክንዱን የሚይዝበትን ቀዳዳ ከቀጥታው መሥመር ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድረግ ነው። የቱ ጎን እንደሚሆን በእጅ ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። ይህ የጂኦሜትሪ መምህር በሰሌዳ ላይ በክብና በሦስት ማዕዘን ሊያሳየው የሚችል ጥሩ ትምህርት ነው።

ክብደቱን እናስላ። የተለመደው ትንሽ ሰርቮ 9 ግራም ነው። ሞዴሉ በአጠቃላይ 300 ግራም ከሆነ ሁለተኛው ሰርቮ ክብደቱን በ3 በመቶ ይጨምራል፤ ገመዱ ሳይቆጠር። 150 ግራም ለሆነ ሞዴል ግን 6 በመቶ ነው፤ ይህ ይሰማል። ሁለተኛ ነገር፣ ሰርቮዎቹ 5 ቮልት የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ስፒድ ኮንትሮለር ነው። ሰርቮ ሲጨመር ኮንትሮለሩ መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሆነው

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ይህ ቢበላሽ ምን ይቀረኛል?» የሚለው ነው። ለዚህ የታሪክ ምስክር አለን፤ መራር ቢሆንም።

መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ157 ሰው ሕይወት ጠፋ። ከእነዚህ መካከል የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሠራተኞች ነበሩ፤ እንደ እኛ ላለ ሕዝብ የሚሠሩ ሰዎች ማለት ነው። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዢያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል።

በዚያ ቦይንግ 737 ማክስ ውስጥ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚያደርግ፣ በጅራቱ ላይ የሚሠራ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነበር። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ለመለካት ሁለት መለኪያ ይዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነው። ያ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ ማሽኑ አመነው፤ አብራሪዎቹ ወደ ላይ ሲስቡ እሱ ወደ ታች ገፋ። አውሮፕላኑ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። በኋላ ሲፈቀድለት ኮምፒውተሩ ሁለቱንም መለኪያ እንዲያወዳድርና ካልተስማሙ እንዳይነካ ተደርጎ ተስተካክሏል።

እዚህ ላይ የነገሩ መነሻ ኤለሮን አይደለም። ሕጉ ግን አንድ ነው። ትልቅ ነገር በአንድ ክር አይንጠለጠልም። በሞዴላችንም ላይ ሁለት ሰርቮ ካለና አንዱ መሐል ላይ ቢሞት በሌላው አጋድመን ልናሳርፈው እንችላለን። አንድ ብቻ ከሆነና ከሞተ ሁለቱም ኤለሮን አብረው ይሞታሉ።

ነገር ግን «ሁለት ሁልጊዜ ይሻላል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ሁለት ሰርቮ ማለት ሊበላሽ የሚችል ሁለት ነገር ማለትም ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ነክሶ ቢቀር ሌላው ላያድነው ይችላል። ባትሪውና ሪሲቨሩ ደግሞ አሁንም አንድ አንድ ናቸው። በማክሱ ውስጥም ሁለት መለኪያ ነበረ እኮ! የጎደለው ሁለቱን የሚያወዳድር ነበር። ቁጥር ብቻውን አያድንም።

ለእኛ ክበብ

የእኔ ምክር ይህ ነው። ክንፉ አጭር፣ ሞዴሉ በጣም ቀላል ከሆነና ለመማሪያ ብቻ ከሆነ አንድ ሰርቮ ይበቃል። ክንፉ ወደ አንድ ሜትር ከተጠጋ ወይም ኤለሮኖቹ ወደ ጫፉ ከራቁ ሁለት ይሁን። በሁለቱም መንገድ ከመብረር በፊት አንድ ሰው ሬዲዮውን ይዞ «ቀኝ» ሲል ሌላ ሰው የቀኝ ኤለሮን ወደ ላይ መሄዱን ከኋላ ቆሞ ይይ። አወዳዳሪው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጁባ ከተማም ሆነ ካምፕ አካባቢ ማንኛውንም የሚበር ነገር፣ መጫወቻም ቢሆን፣ ከካምፑ አስተዳደርና ከመንግሥት አካላት ፈቃድ ሳታገኙ አታብርሩ። ከሩቅ የሚያየው ወታደር መጫወቻ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ ነው። ትምህርቱ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ካርቶን፣ ቀጭን ሽቦ፣ ክርና የፕላስተር ማጠፊያ ካለ የ«ፀሐይ» ዘመን የገመድ አሠራር ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ሲሠራ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ተማሪ አብረው ይሥሩ፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ይወቀው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ነው የተሰደድኩት፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁ መሐል ላይ ተቆርጧል። በ1936 ያለቀው እውቀት ያለቀው ጥቂት ሰው ጋ ብቻ ስለነበረ ነው። ከእኛ አንዱ ነገ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል፣ ሌላው ሊታመም ይችላል። የተማርነው ለሁለተኛ ሰው ከተላለፈ ክበቡ ይቀጥላል።

ለክፍል ውይይት

1. የራይት ወንድማማቾች ክንፍ መጠምዘዝ ለምን በኤለሮን ተተካ?
2. የ«ፀሐይ» ገመድና የሰርቮ ሽቦ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. 240 ግራም የሆነ ሞዴል 9 ግራም ሰርቮ ቢጨመርበት ክብደቱ በስንት በመቶ ያድጋል?
4. በካምፓችን ውስጥ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ምን ሥራ አለ? ሁለተኛውን ማዘጋጀት የሚቻለውስ እንዴት ነው?

መልሳችሁን ለክበቡ አስተባባሪ ስጡ። ሰላም ቆዩ።